ከሐይቅ ዳር ወደ ግቢያችን ስለመጡት ኤሊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
እንዲሁም፦ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የዕረፍት ቤት ላላችሁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች
ጉዳዩ፦ ከቆላ ተወስደው በከተማ ግቢ ስለሚኖሩ ኤሊዎችና ከሐይቅ ዳር ቤቶቻችን ጋር ጎረቤት ስለሆኑ የዱር እንስሳት

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣

ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ዙሪያ ባሉ የድሮ ግቢዎችና በአንዳንድ ሆቴሎች የአትክልት ቦታ ኤሊ ማየት ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም። ልጆች ጀርባዋ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ እንግዳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ ዕድሜዋ መቶ ነው የሚልም አይጠፋም። ከየት እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። በግቢዎቻችን የምናያቸው አብዛኞቹ ኤሊዎች ቢጫማ ድንጋያቸው ላይ እንደ ነብር ቆዳ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨባቸው የየብስ ኤሊዎች ናቸው። ዝርያቸው ከሀገራችን ቆላ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል፤ የሚኖረውም ግራርና ቁጥቋጦ ባለበት ደረቅና ሞቃት ምድር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ጭጋግና በረዶ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷም ውርጭ የሆነ የደጋ ከተማ ናት። ስለዚህ በዚህ ከተማ የምትታይ ማንኛዋም እንዲህ ያለች ኤሊ በእግሯ አልመጣችም፤ ያመጣት ሰው ነው።

ጉዳዩን አሁን እንዳነሣው ያስገደደኝ የከተማችን መለወጥ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በፒያሳና በካዛንቺስ ሰፊ ግቢ የነበራቸው ቤተሰቦች በልማት ምክንያት ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲዛወሩ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ውሻው ለዘመድ ተሰጥቶ፣ ዶሮዋም በዓል ሳይደርስ ታርዳ ካለቀ በኋላ፣ አጥሩ ሥር አንዲት ኤሊ ትቀራለች። አራተኛ ፎቅ ይዘዋት አይወጡ፤ ፈርሶ ለሚሠራ ግቢም ጥለዋት አይሄዱ። በሰፈራችን ይህ ባጋጠመ ቁጥር የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ለሆቴል ትሰጥ፣ እንጦጦ ጫካ ትለቀቅ፣ ወይም ቅዳሜ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ይዟት ይሂድ ይባላል። ምክሩ በቅን ልብ የሚሰነዘር መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሆቴሉ ብርዱን አያስቀርላትም፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባም የከፋ ብርድ ይጠብቃታል። ሦስተኛው መንገድ ትክክል ይመስላል፤ ለምን እንዳልሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ከከተማው ሳይሆን ከሐይቁ ዳር ስለሆነ፣ መጀመሪያ እዚያ የሚሆነውን መናገር ይገባኛል። እኛ ከዘመዶቻችን ጋር በጋራ የምንገለገልባት አነስተኛ የሣር ክዳን ቤት ላንጋኖ ዳር አለችን። ከአዲስ አበባ በሞጆና በባቱ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስበት ይህ ሐይቅ ከከተማችን በ800 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ይህ ልዩነት ለእኛ ሹራብ ማውለቅ ብቻ ነው፤ የሰውነቷን ሙቀት ከፀሐይና ከመሬት ለምታገኝ እንስሳ ግን በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው። የበልግ ዝናብ ጣል ባደረገ ማግሥት፣ ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ ኤሊዋ ከቁጥቋጦው ሥር ትወጣለች። የኋላ እግሮቿ የዝሆን እግር ይመስላሉ፤ የፊቶቹ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍነው ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ያሉ ናቸው። ጥርስ ስለሌላት ሣሩን በአፏ ስለታም ጠርዝ ትይዝና አንገቷን ወደ ኋላ ስባ ትበጥሰዋለች፤ ዝም ብሎ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የሣሩ መበጠስ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የወደቀ የቁልቋል ፍሬ ካገኘች አፏ እስኪቀላ ድረስ ትበላለች። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ነጭ ሆኖ የደረቀ የጅብ ኩስ ስትቆረጥም ማየቴ ነው። ለደብዳቤ የሚመጥን ወሬ ባይሆንም ምክንያቱ መታወቅ አለበት፤ ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ በካልሲየም የተሞላ ነው፣ ኤሊዋም ለድንጋይዋና ለእንቁላሏ የሚያስፈልጋትን ካልሲየም ከዚያና ከአሮጌ አጥንት ትለቅማለች። ሌሊት ሲያላዝን የምናማርረው ጅብ ቀን የምናደንቃትን ኤሊ ይመግባል ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለችው እንስሳ እንዴት አራት ኪሎ ትደርሳለች? አወሳሰዱ ቀላል ነው። እሑድ ከሰዓት መኪና ሲጫን አንዱ ልጅ ኤሊዋን ያያታል፣ ይለምናል፣ አባት ወይም አጎት ያነሣታል፣ የቤት ጠባቂውም እንግዳ ለማስደሰት ካርቶን ያቀርባል። ኤሊ አትጮኽም፣ አትናከስም፣ አትሮጥም፤ ስለዚህም ማንም ሰው የዱር እንስሳ እያፈነ መሆኑ አይሰማውም። ድኩላ ወይም ጦጣ ቢሆን ኖሮ ያ ቤተሰብ ሊሞክረው ቀርቶ ሊያስበውም አይደፍርም ነበር። ደንግጣ ስትነሣ ከታች የምትለቀው ውኃ ተራ ሽንት አይደለም፤ በፊኛዋና በአንጀቷ አካባቢ ለበጋ ያጠራቀመችው ስንቅ ነው። በደረቅ ወቅት ያንን ያፈሰሰች ኤሊ እዚያው መልሰው ቢያስቀምጧት እንኳ ዝናብ እስኪመጣ በውኃ ጥም ልትጎዳ ትችላለች። ስለዚህ ለፎቶ ማንሣትም ጉዳት ነው። ድንጋዩም ከላይ የተደፋባት ክዳን አይደለም፤ የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ከእርሱ ጋር የተዋሐዱ ናቸው፣ ሕመምም ይሰማዋል። ገመድ ለማሰር ጠርዙን መብሳት፣ እንዳትጠፋ ብሎ ቀለም መቀባት በከተማችን የታየ ነገር ስለሆነ ይህን መጥቀስ አስፈላጊ መስሎኛል።

አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ የሚጠብቃት ኑሮ ረዥም መጎሳቆል ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የተረፈ ሩዝ፣ አንዳንዴም ወተት ይቀርብላታል፤ ሆዷ የተሠራው ግን ለቃጫማ ሣርና ቅጠል ነው። የማይስማማ ምግብ፣ የፀሐይ ማነስና የካልሲየም እጥረት ሲደራረቡ ድንጋይዋ ይጎብጣል፣ ታናሽ ከሆነች እስከ መለስለስ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ስትውል የበላችው አይፈጭላትም፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ሳንባዋ ይታመማል። እኛ ግን ምንም አናይም፤ ምክንያቱም ኤሊ ስትታመም የምታደርገው ነገር ዝም ማለት ነው፣ ጤነኛም ሆና ዝም ነው የምትለው። ሃያ ዓመት ኖረች ብሎ የሚመጻደቅ ባለ ግቢ፣ ዝርያዋ ግማሽ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ መኖር የሚችል መሆኑን ቢያውቅ ምናልባት ቁጥሩን በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

«አንዲት ኤሊ ብትወሰድ ዱሩ ምን ይጎድልበታል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል፤ መልሱ ከእንስሳዋ አኗኗር ይገኛል። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በዱር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ደረቁን አፈር በራሷ ውኃ እያራሰች በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ እንቁላሎቿን ቀብራ ትሄዳለች፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አርጃኖ ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ የወጡትንም ቁራና ጭልፊት ይለቅማቸዋል። ለአቅመ መውለድ የምትደርሰው ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቷ ናት። እንግዲህ እኛ ከሐይቁ ዳር የምናነሣት ጎላ ያለችውን፣ ለዓይን የምትሞላውን፣ ማለትም ያን ሁሉ አልፋ የደረሰችውን እናት ነው። የወንዱና የሴቷ መገናኘትም በዝግታ የሚሆን ስለሆነ፣ በአንድ የሐይቅ ዳር ጥቂት ጎልማሶች ከተነሡ የቀሩት ሳይገናኙ ሊያረጁ ይችላሉ።

ለእናንተ ለዕረፍት ቤት ባለቤቶች ደግሞ፣ ራሴንም ጨምሬ፣ ስለ አጥር አንድ ነገር ልበል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በሐይቆቹ ዳር የሚታጠሩት አጥሮች ከእሾህ ወደ ድንጋይና ብሎኬት እየተለወጡ ነው። ኤሊ በለመደችው መንገድ ስትመጣ ግንብ ሲገጥማት ተመልሳ አትሄድም፤ መውጫ ፍለጋ ግንቡን ታክካ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። ቀትር ላይ ያ ግንብ ራሱ ሙቀት ይተፋል፣ ጥላም አይሰጥም። ባለፈው ዓመት ከጎረቤታችን ግንብ ሥር ድንጋይዋ ብቻ የቀረ ኤሊ ተገኝታለች፤ በግንቡ ርዝመት ሣሩ በእግሯ ተረግጦ ቀጭን ጎዳና ሆኖ ይታይ ነበር። መፍትሔው ውድ አይደለም። በየጥቂት ሜትሩ ከመሬት ጋር የተስተካከለ፣ አንድ ጎልማሳ ኤሊ የምታልፍበት፣ ወርዱም ቁመቱም ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ቀዳዳ መተው በቂ ነው። ሌባ ይገባል የሚል ካለ ሁለት ፌሮ በቁም ይትከልበት፤ በመካከላቸው ኤሊ የምታልፍበት ስፋት ግን ይኑር።

ስለሌሎቹ እንስሳት ብዙ አልልም፤ ነገሩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብቻ ልጥቀሰው። ከርከሮና ዝንጀሮ በረንዳ ድረስ የሚመጡት የወጥ ቤት ትራፊ ስለምንጥልላቸው ነው፤ ሰው የለመደ ዝንጀሮ ነገ ከልጅ እጅ ምግብ ይነጥቃል፣ ከነገ ወዲያ በጥይት ይገደላል። ለአይጥ የሚቀመጠው መርዝ አይጧን የምትበላውን ጉጉት ይገድላል። ጉማሬ ባለበት የሐይቅ ዳር ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣልና ከእርሱና ከውኃው መካከል ቆሞ መገኘት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። እባብ ያየ ሰውም ዱላ ከማንሣቱ በፊት ገለል ብሎ መንገድ ቢለቅለት፣ አብዛኛውን ጊዜ እባቡ በራሱ ይሄዳል።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ በግቢ ውስጥ ጠፍጠፍ ያለች፣ ጥቁርማ ወይም ቡናማ፣ ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ፣ አንገቷንም ወደ ውስጥ ከመሰብሰብ ይልቅ ወደ ጎን አጥፋ የምትሸሽግ ትንሽ ኤሊ ልትገኝ ትችላለች። ይህቺ የውኃ ኤሊ ናት፤ ስትያዝም መጥፎ ሽታ ትለቃለች። ኩሬ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ትከርምና ዝናብ ሲጥል ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው በየብስ ትጓዛለች። አልጠፋችም፣ እርዳታም አልጠየቀችም። በተቃራኒው ባለ ነጠብጣቧን የየብስ ኤሊ «ቤቷ ውኃ ነው» ብለው ሐይቅ ውስጥ የሚወረውሩ ደግ ሰዎች አሉ፤ ይህ ደግነት ሊያሰጥማት ይችላል። መኪና መንገድ ላይ የተገኘች ኤሊ ደግሞ በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ተይዛ፣ ሳትገለበጥ፣ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አቅጣጫ ማሻገር ይበቃል። ወደ መጣችበት ከመለሷት ዞራ ያንኑ አስፋልት ታቋርጣለች።

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣ ሕጉ እንዳለ አውቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ሀገራችንም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረውን ሳይተስ የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ተቀላቅላለች፤ ይህቺ የየብስ ኤሊም በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ያለ ፈቃድ በማይካሄድ ዝርያዎች ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም ከአያቱ ግቢ ጋር ኤሊ የወረሰ ሰው ራሱን ሕግ እንደጣሰ አይቆጥርም፤ ከቆጠረም ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ኤሊዋን በጨለማ አውጥቶ ይጥላታል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ቅጣት አይደለም። ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓመት፣ ማንኛውም የከተማው ነዋሪ ሳይጠየቅና ሳይከሰስ ኤሊውን የሚያስረክብበት ቦታና ስልክ እንዲታወጅ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ በሆለታ አቅጣጫ እንስሳ ኮቴ የተባለ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ከሰዎች እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን ሲቀበል የኖረ በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ሥራ በሀገራችን ልምድ የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ያም ደጋ ነው፤ ለኤሊዎቹ ወደ ቆላ ቀረብ ያለ ስፍራ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ወዳቆየሁት ሦስተኛው ምክር ልመለስ። ለዓመታት በከተማ የቆየች ኤሊን ዝም ብሎ ወስዶ ሐይቅ ዳር መልቀቅ የዱሮቹን ኤሊዎች በበሽታ ሊበክል ይችላል፤ በሰው እጅ ባሉ ኤሊዎች ላይ የሚታዩ የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ወደ ጤነኞቹ ይተላለፋሉ። ከየትኛው ቆላ እንደመጣች ሳይታወቅ ሌላ ቆላ መልቀቅም የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት ምርመራና ለብቻ የማቆያ ጊዜ ግድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚገኘው ቢሾፍቱ፣ ማለትም ከከተማችን ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ ከኮሌጁ ጋር ተስማምቶ ምርመራው እዚያ ቢካሄድ፣ ጤነኛ ሆነው የተገኙትም እንደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወይም አብጃታ ሻላ ባሉ የሚስማሟቸው ስፍራዎች መጀመሪያ በታጠረ ቦታ ሣር መጋጥ ተለማምደው ቢለቀቁ፣ የማይለቀቁት ደግሞ ለትምህርት የሚታዩበት ሞቃት ስፍራ ቢዘጋጅላቸው፣ ሥራው ከአቅም በላይ አይመስለኝም። የሐይቅ ዳር ቦታ ለሚመሩ የአካባቢ መስተዳድሮችም የአጥር ቀዳዳውን የግንባታ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርጉት ባለሥልጣኑ በደብዳቤ ቢያሳስባቸው መልካም ነው።

ማስታወቂያው ከፋሲካ በፊት እንዲወጣ እለምናለሁ። የከተማው ሰው ወደ ሐይቆቹ በብዛት ከሚወርድባቸው ጊዜያት አንዱ ያ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ኤሊዎቹን ከተደበቁበት የሚያወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። በየሎጁ በርና በየቤት ጠባቂው እጅ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ አንዲት ገጽ ወረቀት ብትደርስ ከብዙ ስብሰባ ትበልጣለች።

መረከቢያው እስኪታወቅ ድረስ ኤሊ በግቢያችሁ ያላችሁ ሰዎች የትም አትልቀቋት። ሌሊት ከሲሚንቶ ላይ አንሥታችሁ ደረቅ ድርቆሽ በተነጠፈበት፣ ነፋስ በማይገባበት ሣጥን አሳድሯት። ቀን ፀሐይ ባለበት ሣር ላይ ትዋል፣ ጥላም አጠገቧ ይኑር። ዳቦውንና ወተቱን አስቀርታችሁ ሣርና ቅጠል ስጧት፤ ውኃዋንም ዘልቃ ልትገባበት በምትችለው ዝርግ ሰሃን አቅርቡላት። አፍንጫዋ ከፈሰሰ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሳትውል ሳታድር የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ
አዲስ አበባ